በእርግዝና ወቅት የሕመም ፈቃድ፦ መቼ? እንዴት? ከማን?



በዚህ የእናቶች ጤና ትምህርታችን የምንነጋገረው በካኩማም ሆነ በካሎቤየይ ሥራ ይዘው ስለሚገኙ ነፍሰ ጡር እናቶች ነው። በትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ በክሊኒክ የሚያስተረጉሙ ወይም የሚያጸዱ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የጤና ትምህርት የሚሰጡ፣ በምግብ ቤት እንጀራ የሚጋግሩና ቡና የሚያፈሉ እናቶች ሲያረግዙ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ይይዛቸዋል። አንደኛው «አሞኛል ካልኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል» የሚል ነው። ሁለተኛው «አሁን ፈቃድ ከወሰድኩ ስወልድ የማገኘው ቀን ይቀነስብኛል» የሚል ነው።

በዚህ ፍርሃት ምክንያት ራስ ምታቱን፣ ትኩሳቱን፣ የፊት እብጠቱን ደብቆ ሥራ የሚውል አለ። የሚደበቀው ምልክት ግን የእናትንም የልጅንም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት ይህ ነው፦ የሕመም ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ ሕመምን መደበቅ ቀን አያተርፍም።

ይህን ትምህርት አንብበው ሲጨርሱ፦

• ከእርግዝና ጋር የሚመጣውን የተለመደ ድካም ከአደገኛ ምልክት ለይተው ያውቃሉ፤
• የሕመም ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ በኬንያ ሕግ እንዴት እንደሚለያዩ ይረዳሉ፤
• ፈቃድ ለመጠየቅ ምን ምን ማዘጋጀት እንዳለብዎ ያውቃሉ፤
• በጎ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ ጎረቤትዎን ወይም የሥራ ባልደረባዎን እንዴት እንደሚረዱ ይማራሉ።

1. እርግዝና በሽታ ነውን?

አይደለም። ጤነኛ የሆነች ነፍሰ ጡር ሴት ሥራዋ ከባድ ወይም አደገኛ እስካልሆነ ድረስ እስከ መውለጃዋ አቅራቢያ መሥራት ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚታየው ጠዋት ጠዋት ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ በኋላ ደግሞ የወገብ ሕመምና ማምሻውን የሚመጣ ቀላል የእግር እብጠት በብዙ እናቶች ላይ የሚታዩ ናቸው። ለእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይሆን የሥራ ማሻሻያ ነው።

ከሥራ ኃላፊዎ ጋር ተነጋግረው ሊያሻሽሏቸው የሚችሉ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• ከባድ ዕቃ አለማንሳት። ሙሉ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእህል ጆንያ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ይህን ለሌላ ሰው ይተዉ።
• ቀኑን ሙሉ አለመቆም። የሚያስተምሩ ከሆነ ወንበር ይኑርዎ፤ በየመሐሉ አረፍ ይበሉ።
• ጥላና ውሃ። በቱርካና ፀሐይ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ ከሆነ ጉብኝቱን ማለዳ ያድርጉ፤ የመጠጥ ውሃ ይያዙ።
• ጭስ። በእንጨት ወይም በከሰል የሚጋግሩ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ ተራ ይያያዙ።
• ኬሚካል። የፀረ ተባይ መርጫ እርስዎ አይርጩ። ክሎሪን ወይም በረኪና ለጽዳት ሲጠቀሙ ጓንት ያድርጉ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። የራጅ ክፍል አካባቢ የሚሠሩ ከሆነ ማርገዝዎን ወዲያው ያሳውቁ።
• የሌሊት ተራ። በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ወደ ቀን እንዲለወጥልዎ ይጠይቁ።

2. የሕመም ፈቃድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሕመሞች ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ ሐኪሙ ወይም ክሊኒካል ኦፊሰሩ እንደ ሁኔታው የእረፍት ቀን ሊጽፍ ይችላል።

ሀ. ከባድ ማስመለስ። ምግብም ውሃም አልረጋ ካለ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም መልኩ ከጠቆረ፣ ሲነሡ የሚያዞርዎ ከሆነ ሰውነትዎ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው። ይህ «የእርግዝና ነው፤ ያልፋል» የሚባል አይደለም። ጉሉኮስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ለ. ደም ማነስ። በነፍሰ ጡር ሴት የሄሞግሎቢን መጠን ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ከ7 በታች ከሆነ ከባድ ነው። ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የዓይን ቆብ ውስጡና መዳፍ መገርጣት ምልክቶቹ ናቸው። የአይረን ኪኒኑን በየቀኑ ይውሰዱ። ነገር ግን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር አይውሰዱት፤ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉና። ቡናው ካልቀረ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቁት።

ሐ. ወባና ሌላ ትኩሳት። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል። ደም ማነስ ያስከትላል፤ ጽንሱንም ይጎዳል። ትኩሳት ከተሰማዎ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት አይውሰዱ።

መ. የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከእምብርት በታች ወይም በጎን በኩል ሕመም ካለ ይመርመሩ። ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣና ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሠ. የደም ግፊት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚጀምር፣ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። አስቸጋሪው ነገር ግፊት መጀመሪያ ላይ ምንም ሳያሳምም ሊጨምር መቻሉ ነው። ስለዚህ ደህና ነኝ ብለው የክትትል ቀንዎን አይዝለሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንድታደርግና የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን መክሯል።

ረ. የዓይን ቢጫ መሆን። ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ የጉበት በሽታ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያሉ እናቶችን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በ2012 በዳዳብ ካምፖች ወረርሽኙ ተከስቶ ነበር። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ አንድም ቀን አይጠብቁ።

ሰ. የጽንስ መውረድ። ጽንስ የወረደባት ሴት ደሟ መቆሙና ማኅፀኗ መጽዳቱ መታየት አለበት። ልቧም ያዝናል። በነጋታው ሥራ ግቢ ማለት ተገቢ አይደለም፤ የሕመም ማስረጃ ሊጻፍላት ይችላል።

3. ፈቃድ ሳይጠይቁ ወዲያው ሥራ አቁመው የሚሄዱባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካዩ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

1. ከብልት የሚወርድ ደም፣ ጥቂትም ቢሆን፤
2. የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት፤
3. የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፤
4. ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ሕመም፤
5. ከፍተኛ ትኩሳት፤
6. ያለጊዜው የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም ምጥ፤
7. የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቅረት፤
8. ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፤
9. መንቀጥቀጥ ወይም መንፈራገጥ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ስትንፈራገጥ ካዩ በግራ ጎኗ ያስተኟት፤ የሚያቆስላትን ነገር ከአጠገቧ ያርቁ፤ አምቡላንስ ይጥሩ። በአፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አያስገቡ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይረዳትም። ይህ ሁኔታ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በፍጥነት ያስፈልጋታል።

4. ሕጉ ምን ይላል?

በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ ሁለቱን ፈቃዶች በተለያየ አንቀጽ አስቀምጧቸዋል።

የሕመም ፈቃድ (አንቀጽ 30)። አንድ ሠራተኛ ሳያቋርጥ 2 ወር ከሠራ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ከዚያም 7 ቀን ከግማሽ ደመወዝ ጋር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው መቅረቱንና ምክንያቱን በተቻለ ፍጥነት ለአሠሪው ማሳወቅ ወይም በሰው ማስነገር ነው። ሁለተኛው መሥራት አለመቻሉን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። ማስረጃውን ሐኪም ወይም እርሱን ወክሎ የጤና ጣቢያው ኃላፊ የሆነ ሰው ሊፈርመው ይችላል።

የወሊድ ፈቃድ (አንቀጽ 29)። ሴት ሠራተኛ 3 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። ፈቃዱ ከመጀመሩ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት፤ ድንገተኛ ነገር ከገጠማት ከዚያ ያነሰ ጊዜም ሊበቃ ይችላል። ስትመለስ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ወይም ከዚያ ባላነሰ ሁኔታ ለእርሷ ወደሚስማማ ሥራ የመመለስ መብት አላት። የወሊድ ፈቃድ ስለወሰደች የዓመት ፈቃዷ አይቀርባትም። የወሊድ ፈቃዷ እንዳለቀ ሥራ ሳትጀምር ብትታመምና የሕመም ፈቃድ ብትወስድም ወደ ሥራዋ የመመለስ መብቷ አይጠፋም።

ከሥራ ማባረር። በዚሁ ሕግ እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም። በእርግዝና ምክንያት አድልዎ ማድረግም ክልክል ነው።

የቃል ውል። ሕጉ በጽሑፍም ሆነ በቃል ለተደረገ የሥራ ውል ይሠራል። ስለዚህ «ወረቀት አልፈረምሽም» የሚል የምግብ ቤት ባለቤት ከሕጉ ውጪ አይሆንም።

በኢንሴንቲቭ የሚሠሩ እህቶች ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የኢንሴንቲቭ ሥራ ውል ከመደበኛ ቅጥር የተለየ ነው። የሕመምና የወሊድ ፈቃዱ ቀን ብዛት፣ ክፍያው እንደሚቀጥል ወይም እንደማይቀጥል የሚታወቀው ከውልዎና ከድርጅቱ መመሪያ ነው። ስለዚህ ሳይታመሙ፣ ሆድዎም ሳይገፋ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ። ግልጽ ያልሆነውን የድርጅቱን የሠራተኛ አስተዳደር ይጠይቁ።

አንዳንድ እናቶች ደግሞ በአገር ቤት የሚያውቁትን ሕግ እዚህ ይጠብቃሉ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ተብሎ ተከፍሏል። የኬንያው ሕግ እንዲህ አልከፈለውም። 3 ወሩ አንድ ላይ የተሰጠ በመሆኑ ከመውለድዎ በፊት የሚወስዱት ቀን በበዛ መጠን ከሕፃኑ ጋር የሚቀርልዎ ያንሳል። ሕመም ሲኖር በሕመም ፈቃድ መጠቀም የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

5. ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

1. ሲታመሙ በዚያው ቀን ለኃላፊዎ ይንገሩ። መሄድ ካልቻሉ በስልክ ወይም በሰው ይላኩ። የላኩበትን መልእክት አያጥፉ።
2. የክትትል ካርድዎን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። «አስተማሪ ነኝ» ብቻ ሳይሆን «ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ» ይበሉ።
3. ማስረጃው ላይ ስምዎ፣ ቀኑ፣ የእረፍቱ ቀን ብዛት፣ ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ያረጋግጡ። ከባድ ሥራ ብቻ ከሆነ የተከለከሉት ያ ይጻፍልዎ።
4. የበሽታው ስም እንዲጻፍ ካልፈለጉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ኃላፊዎ በዋናነት ማወቅ ያለበት መሥራት አለመቻልዎንና ለስንት ቀን እንደሆነ ነው።
5. ዋናውን ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ኮፒ ያድርጉ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

የማመልከቻ ናሙና፦

«ለ ................... ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ
እኔ ................... በ ................... ሥራ ላይ የምገኝ ስሆን፣ ከ ........ እስከ ........ ድረስ እረፍት እንዳደርግ በሐኪም የታዘዘልኝ ስለሆነ ማስረጃውን ከዚህ ጋር አያይዤ የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ፊርማ ............ ቀን ............»

ኃላፊዎ እምቢ ካለዎ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከዚያም ከእርሱ በላይ ላለው ኃላፊ፣ ለድርጅቱ የቅሬታ መቀበያ ወይም በካምፑ ለሚገኝ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ያመልክቱ።

6. ፈቃድ ወስዶ ጀሪካን መሸከም

የእረፍት ወረቀቱን ይዛ ቤት የገባች እናት ከቧንቧ ውሃ ካመላለሰች፣ እንጨት ከለቀመች፣ በራሽን ቀን ከተሰለፈች ያረፈችው ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። ሐኪሙ የጻፈው እረፍት የሚሠራው ቤት ውስጥ ያለውም ሰው ሲያውቀው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ለባለቤትዎና ለልጆችዎም ያንብቡላቸው። ውሃውን ማን ይቀዳል? ራሽኑን ማን ያመጣል? ብላችሁ በዚያው ዕለት ተነጋገሩ።

አባቶችም ልብ በሉ። ከላይ በጠቀስነው የኬንያ ሕግ ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ 2 ሳምንት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው። ያ ጊዜ ለእንግዳ መቀበያ ብቻ ሳይሆን አራሷን ለማገዝ የተሰጠ ነው።

እረፍት ማለት ግን ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ መተኛት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪም በተለየ ካላዘዘዎ በቀን ውስጥ በጎንዎ ጋደም ይበሉ፤ ቀለል ያለ እርምጃ ያድርጉ፤ ውሃ ይጠጡ።

7. ለበጎ ፈቃደኞች፦ የቤት ለቤት ውይይት ምሳሌ

የሚከተለው ለልምምድ የተዘጋጀ ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንብቡት።

ፈቃደኛዋ፦ እንደምን ዋልሽ እህቴ? ስንት ወር ሆነሽ?
ነፍሰ ጡሯ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰባተኛዬን ይዣለሁ። ትንሽ ራሴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ።
ፈቃደኛዋ፦ ራስ ምታቱ ከጀመረሽ ስንት ቀን ሆነው?
ነፍሰ ጡሯ፦ ዛሬ ሦስት ቀኑ ነው። ፀሐይ ይሆናል ብዬ ነው።
ፈቃደኛዋ፦ ዓይንሽስ? ብዥ ይልሻል?
ነፍሰ ጡሯ፦ ትናንት ወጥ እያማሰልኩ ብዥ አለብኝ። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ቀን ከቀረሁ ሌላ ሴት ይቀጥራሉ።
ፈቃደኛዋ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ኑሮ ነው። ግን ይሄ የግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፤ አሁኑኑ አብረን እንሂድ። ለአሠሪሽ እኔ ደውዬ ልንገርልሽ ወይስ አንቺ ትነግሪያለሽ?
ነፍሰ ጡሯ፦ አንቺ ብትነግሪልኝ ይሻላል። የወሊድ ቀኔን አይቆርጡብኝም?
ፈቃደኛዋ፦ የሕመም ፈቃድ ሌላ፣ የወሊድ ፈቃድ ሌላ ነው። ወረቀቱን ከክሊኒኩ እናወጣለን። አሁን ካርድሽን ያዢ።

በዚህ ውይይት ፈቃደኛዋ ምን አደረገች? አልተቆጣችም፤ «ለምን ደበቅሽ» አላለችም። ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሌላ አደገኛ ምልክት ፈለገች፤ ለአሠሪው ለመንገር ፈቃዷን ጠየቀች፤ ብቻዋን አላከቻትም። እናንተም ይህን ተከተሉ። የሰማችሁትንም ቡና ላይ አታውሩት። ምስጢሯ የወጣባት እናት ሁለተኛ አትነግራችሁም።

የሥራ ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሠራተኛችሁን በስብሰባ መሐል ስለ ሕመሟ አትጠይቁ። ተተኪ ስትመድቡ «እስክትመለስ ድረስ» መሆኑን ለሁለቱም በግልጽ ንገሩ። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ሴቶች ሕመማቸውን እንዳይደብቁ ታደርጋለች።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንዲት አስተማሪ በ6ኛ ወሯ ወባ ይዟት 4 ቀን እረፍት ታዘዘላት። ቀኑ ከወሊድ ፈቃዷ ይቀነሳል?
2. አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሥራ ላይ ሳለች ጥቂት ደም ታያት። እስከ ሰዓት መውጫ ልትቆይ ይገባል?
3. በቃል ብቻ የተቀጠረች እንጀራ ጋጋሪ የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ ይመለከታታል?
4. የአይረን ኪኒን ከቡና ጋር ቢወሰድ ምን ይሆናል?

መልስ፦ 1. አይቀነስም፤ የሕመም ፈቃድ ነው። 2. አይገባትም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። 3. አዎ። 4. አይረኑ በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ በብሎካችሁ ለምትገኝ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት አንብቡላት። ማንበብ ለማትችለው በቃል ንገሯት። በተለይ በቁጥር 3 የተዘረዘሩትን 9 ምልክቶች ባለቤቷም፣ ጎረቤቷም፣ አሠሪዋም ይወቋቸው።

ጤና ለሁላችን!